ዊንዶውስ «አክቲቬት አድርጉ» እያለ ሲያስቸግር፦ ጎንደር ውስጥ ሆኖ ወደ ሊኑክስ ሚንት የመሻገሪያ ዝርዝር መመሪያ

በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ከሰዓቱ ከፍ ብሎ አንድ ግራጫ ጽሑፍ ይወጣል። «አክቲቬት ዊንዶውስ» ይላል፤ የዊንዶውሱ ፈቃድ አልተረጋገጠም ማለት ነው። ቴሲስ ብትጽፉም፣ ስላይድ ብታቀርቡም፣ ፊልም ብትከፍቱም አይነሳም። ማራኪ ግቢ ያለ ተማሪም፣ ፒያሳ ያለ የህትመት ቤትም፣ አዘዞ ያለ ትንሽ ክሊኒክም ያውቀዋል።

የተለመደው መፍትሔ ላፕቶፑን ይዞ ጥገና ቤት መሄድ ነው። ልጁ ፍላሹን ይሰካል። አንቲቫይረሱን ያጠፋል። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ያስነሳና ጽሑፉ ይጠፋል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና ብር፣ እንደገና ደጅ ጥናት።

ከዚህ አዙሪት መውጣት ይቻላል፤ መንገዱም ሊኑክስ ሚንት የሚባል፣ ፈቃድ የማይጠይቅ፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራ ሲስተም ነው። እኛ ከተማ ዶላር እንደልብ አይገኝም፣ ኔትም ይቆራረጣል። ሁለቱንም በየጊዜው የሚጠይቅ ሲስተም ላይ ሥራችንን ሁሉ መጣል የለብንም ብዬ አምናለሁ። ግን ዘሎ ፎርማት ማድረግም ልክ አይደለም። በቅደም ተከተል እንሂድ።

መጀመሪያ፦ ፈቃዱ በእጃችሁ እንዳለ አጣሩ

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ላፕቶፑ ሲሠራ ሕጋዊ ፈቃድ አብሮት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ግን አያውቅም።

ዊንዶውስ 10 ከሆነ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «አክቲቬሽን» ግቡ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ደግሞ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አክቲቬሽን»። እዚያ ሁለት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። አንደኛው ኤዲሽኑ ነው፤ ሆም ነው፣ ፕሮ ነው ወይስ ኢንተርፕራይዝ? ሁለተኛው የሚታየው የስህተት ቁጥር ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ይህን ካወቃችሁ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል። የዊንዶውስ ፈቃድ በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። ይህ እንደ ቤት ካርታ ከአንድ ማዘርቦርድ (ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ጋር የታሰረ ነው፤ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አይዛወርም። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ በተሠሩ ላፕቶፖች ኪዩ (የፈቃድ ቁጥሩ) ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ ተጽፎ ይመጣል። ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር፣ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ኪዩ እዚያው ነው። ሁለተኛው በግል የሚገዛው ነው፤ ይህኛው ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ሊዛወር ይችላል። ሦስተኛው ለመሥሪያ ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲዎች በጅምላ የሚሰጠው ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ከውጭ ሲገባ ቺፑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሆም ወይም የፕሮ ኪይ ይኖራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ሲደርስ ነው። ጥገና ቤቱ በእጁ ያለውን ዊንዶውስ ይጭናል፤ ብዙ ጊዜ ፕሮ ወይም ኢንተርፕራይዝ ነው። ቺፑ ውስጥ ያለው ግን የሆም ኪይ ከሆነ ሁለቱ አይገናኙም። ዊንዶውሱም «ፈቃድ የለህም» ይላል። ፈቃዱ ግን እዚያው ተቀምጧል።

መፍትሔው ላፕቶፑ ሲሠራ የነበረውን ኤዲሽን መጫን ነው። ከላፕቶፑ ሆድ ወይም ከባትሪው ሥር ያለውን ተለጣፊ ተመልከቱ። የዊንዶውስ ምልክት ካለበት ተስፋ አለ። ከማይክሮሶፍት ገጽ የወረደ ንጹሕ ዊንዶውስ ስትጭኑ መጫኛው ቺፑን ራሱ ያነብና የሚስማማውን ኤዲሽን ይመርጣል። ከዚያ አንድ ጊዜ ኔት ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ክራክ (ያለ ፈቃድ አክቲቬት የሚያደርገው የጥገና ቤቱ ፕሮግራም) አያስፈልግም፣ ኪይ መጻፍም አያስፈልግም። ይህ ከሠራላችሁ እና ላፕቶፑ ለምትሠሩት ሥራ ከበቃ፣ ቀሪውን ማንበብ ግድ አይደለም።

የስህተት ቁጥሩም ይናገራል። በኤፍ074 የሚያልቅ ከሆነ፣ ማሽኑ የመሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ሰርቨር እየፈለገ አጥቷል ማለት ነው። የጅምላ ፈቃድ ለ180 ቀን ነው የሚሠራው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቶ ካላደሰ ይወድቃል። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከሆነ ወደ ግቢው ኔትወርክ ወስዳችሁ አገናኙት፤ አይቲ ክፍሉን ጠይቁ። የግል ላፕቶፕ ሆኖ ይህን ቁጥር ካሳየ ግን ጥገና ቤቱ የጅምላ ኪይ ሰጥቷችኋል። በየስድስት ወሩ ጽሑፉ የሚመለስበት ዋናው ምክንያትም ይኸው 180 ቀን ነው።

በሲ003 የሚያልቀው ደግሞ ኪዩ ታግዷል ማለት ነው። በቴሌግራም በርካሽ የሚሸጡ ኪዮች መጨረሻቸው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በኤፍ213 ካለቀ ማዘርቦርዱ ተቀይሯል ወይም ኪይ አልተገኘም። የማይክሮሶፍት አካውንት ከድሮው ፈቃድ ጋር አገናኝታችሁ ከነበረ «ትራብልሹት» የሚለውን ተጭናችሁ ሃርድዌር በቅርቡ መለወጣችሁን መንገር ትችላላችሁ።

ክራኩን ለምን እንደምቃወም

አክቲቬተር የሚባለው ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቀው አንቲቫይረስ እንዲጠፋ ነው። ከዚያ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይወስዳል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም፣ በሩ ሁሉ ተከፍቶለት፣ የባንክ አፕሊኬሽን እና የኢሜይል ፓስወርድ ባለበት ማሽን ላይ ይሠራል። በአክቲቬተር ስም የሚሰራጩ የፓስወርድ ሌባ ፕሮግራሞች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። የታካሚ መረጃ የያዘ የክሊኒክ ኮምፒውተር ላይ ይህን ማድረግ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለጊዜው መውጫ ያጣ ሰው አክቲቬት ያልተደረገውን ዊንዶውስ እንዳለ ቢጠቀም ይሻለዋል። ጽሑፉ ያናድዳል፤ ከሴቲንግስ ገብቶ የጀርባ ሥዕል እና ቀለም መቀየርም አይቻልም። ፋይላችሁ ግን ይከፈታል፣ የደህንነት አፕዴትም ይመጣል።

መግዛትስ? ከማይክሮሶፍት በቀጥታ ሲገዛ ዊንዶውስ 11 ሆም 139 ዶላር፣ ፕሮ 199 ዶላር ነው። ዶላሩን በ130 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ ሆሙ ከ18 ሺህ ብር ያልፋል። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው።

ሌላ ጉዳይም አለ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 2019 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት አለ፤ ለመመዝገብ ግን የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም እና 64 ጊጋ ዲስክ ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። 4ኛ፣ 5ኛ እና 6ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ይዘን የምንሠራው ብዙዎች ነን። ማሽኖቹ ጤነኛ ናቸው። በዚህ ምክንያት ብቻ መጣል የለባቸውም።

ማን ይሻገር፣ ማን ይቆይ

እዚህ ላይ በግልጽ መነጋገር አለብን። ሒሳብ ባለሙያ ሆናችሁ ፒችትሪ እንጀራችሁ ከሆነ ዊንዶውሱን አታጥፉ። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። አውቶካድ የምትጠቀሙ መሐንዲሶች፣ ፎቶሾፕ ላይ የምትውሉ ፎቶ ቤቶችም እንዲሁ። ለእናንተ የሚሻለው ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ነው።

ሥራችሁ መጻፍ፣ ኢሜይል፣ ኢንተርኔት፣ ቴሌግራም፣ ፒዲኤፍ እና ስላይድ ከሆነ ግን ያለ ስጋት ተሻገሩ። የጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ዲኤችአይኤስ2 በብሮውዘር ስለሚከፈት ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ኤስፒኤስኤስ የምትጠቀሙ ተማሪዎች ፒኤስፒፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አላችሁ፤ የኤስፒኤስኤስ ዳታ ፋይል ይከፍታል፣ መሠረታዊ ትንተናዎችንም ይሠራል። ከዚያ ለጠለቀ ትንተና አር (R) የሚባል ፕሮግራም አለ። ካርታ ለምትሠሩ ኪውጂአይኤስ አርክጂአይኤስን በብዙ ነገር ይተካል። አማካሪያችሁ የግድ በኤስፒኤስኤስ ካለ ግን ቴሲሱ እስኪያልቅ አትንኩት። በመመረቂያ ሰሞን ሲስተም አይቀየርም።

ለምን ሊኑክስ ሚንት?

ሊኑክስ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ዛሬ የዓለም አብዛኛው ሰርቨር እና የአንድሮይድ ስልካችሁ ሆድ ሊኑክስ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው እኔ የምመርጠው ሚንትን ነው። ከታች በኩል ሜኑ አለ፣ ሰዓቱ ቀኝ ጥግ ነው፣ ፋይል አከፋፈቱ አያደናግርም። ፈቃድ አይጠይቅም፣ ኪይ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም። ቀድቶ ለጎረቤት መስጠት የተፈቀደ ነው።

ራማችሁ 8 ጊጋ ከሆነ ሲናሞን የሚባለውን ዓይነት አውርዱ። 4 ጊጋ እና ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን። ዝቅተኛው 2 ጊጋ ራም እና 20 ጊጋ ዲስክ ነው፤ በ2 ጊጋ ግን ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ አትክፈቱ።

ደረጃ 1፦ ማውረድ

ፋይሉ ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። በስልክ ዳታ ማውረድ ውድ ነው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠም ያናድዳል። የግቢ ዋይፋይ ያላችሁ ሌሊት ወይም ማለዳ አውርዱ። የሌላችሁ ከወዳጅ በፍላሽ ቅዱ። ቶረንት የሚሉት መንገድ ኔት ለሚቆራረጥበት ቦታ ተስማሚ ነው፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ማውረጃውን ከሊኑክስ ሚንት የራሱ ገጽ ብቻ ውሰዱ።

ከወዳጅ የተቀዳ ወይም በተቆራረጠ ኔት የወረደ ፋይል መፈተሽ አለበት። ሩፈስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አውርዱ፤ መጠኑ ከአንድ ፎቶ አይበልጥም። ፋይሉን ከመረጣችሁ በኋላ በጎኑ ያለችውን የራይት ምልክት ተጫኑ። ረጃጅም ቁጥሮች ያወጣል። ኤስኤችኤ256 የሚለውን በሚንት ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ አትጫኑት።

ደረጃ 2፦ ከመነካካት በፊት

ፋይላችሁን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ፎቶ። በብሮውዘር የተቀመጡ ፓስወርዶችንም አትርሱ። ገልብጣችሁ ስታበቁ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አንዳንድ ፋይል ክፈቱ። መከፈቱን ሳታዩ «ተገልብጧል» አትበሉ።

ቀጥሎ ዲስኩ መቆለፉን እዩ። በፕሮ ላይ «ቢትሎከር»፣ በሆም ላይ «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» ይባላል። በርቶ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር አለው። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ከዚያ አጥፉት። ይህን የዘለለ ሰው ነገ ዊንዶውሱ ቁጥሩን ሲጠይቀው ፋይሉን በሙሉ ሊያጣ ይችላል።

ሁለቱን ጎን ለጎን የምትጭኑ ሁለት ነገር ጨምሩ። ከ«ኮንትሮል ፓነል» በ«ፓወር ኦፕሽንስ» ገብታችሁ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚለውን አጥፉ። ይህ ከበራ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሊኑክስም የዊንዶውሱን ዲስክ ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይችልም። ሁለተኛው፣ «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ሲ ድራይቩን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ሽሪንክ ቮልዩም» በሉት። 50 ጊጋ ባዶ ቦታ ለመክፈት 51200 ብላችሁ ጻፉ።

ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት የወሰናችሁም አንድ ነገር አድርጉ። ዊንዶውሱ ሳለ የማይክሮሶፍትን መጫኛ በሌላ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ አዘጋጁና አስቀምጡ። ከሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፍላሽ መሥራት ይቻላል፤ ግን ለጀማሪ ያስቸግራል።

ደረጃ 3፦ ፍላሹን መሥራት

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ሩፈስን ክፈቱ፣ ፍላሹን ምረጡ፣ የሚንቱን ፋይል ምረጡ፣ ሌላውን እንዳለ ትታችሁ «ስታርት» በሉ። ሁለት አማራጭ ሲያመጣ «አይኤስኦ» የሚለውን ተቀበሉ። በኋላ አልነሳ ካለ ደግሞ «ዲዲ» በሚለው እንደገና ሥሩት። ከገበያ የሚገዙ አንዳንድ ፍላሾች 32 ጊጋ ተብለው ውስጣቸው ያን ያህል አይዝም። ከዓመታት በፊት የተገዛች የምትታመን 8 ጊጋ ትሻላለች።

ደረጃ 4፦ ሳትጭኑ ሞክሩት

ይህን ደረጃ በጣም እወደዋለሁ። ሚንት ከፍላሹ ላይ ብቻ ይነሳል፤ ዲስካችሁን ሳይነካ።

ላፕቶፑን አጥፉ፣ ፍላሹን ሰኩ፣ እያበራችሁ የማስነሻ ቁልፉን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ኤችፒ ላይ «ኢስኬፕ» ከዚያ ኤፍ9 ነው። ዴል፣ ሌኖቮ እና ቶሺባ ላይ ኤፍ12። ኤሰር ላይም ኤፍ12 ነው፤ መጀመሪያ ግን ባይኦስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ መፍቀድ ሊያስፈልግ ይችላል። ኤሱስ ላፕቶፕ ላይ «ኢስኬፕ»። ፍላሹን ምረጡ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ እንደገና አስነሱና «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ።

ሲነሳ ዝም ብላችሁ አትዩት፤ ፈትሹት። ዋይፋዩ ይታያል? ድምፅ አለ? ካሜራው፣ ብሉቱዙ፣ የብርሃን መጨመሪያ ቁልፎቹ ይሠራሉ? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይነቃል? የውጭ ሃርድ ዲስካችሁን ያነባል? የምትጠቀሙበትን ፕሪንተር ሰኩ። ከፍላሽ ስለሚሠራ ትንሽ ይዘገያል፤ በዚህ አትፍረዱበት።

ዋይፋይ ካልታየ አትደናገጡ። በተለይ የብሮድኮም ካርድ ያላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ሾፌር (ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም) ይፈልጋሉ። ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ። ኔት ወዲያው ይገባል፤ ሾፌሩን በኋላ በዚያው ታወርዳላችሁ።

ደረጃ 5፦ መጫን

ባትሪው ሙሉ ይሁን። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት፣ ወይም ዩፒኤስ ባለበት ቦታ ጫኑ። ዲስክ እየተከፋፈለ እያለ መብራት ሲሄድ የሚደርሰው ጉዳት ከአክቲቬሽን ጽሑፍ ጋር አይወዳደርም።

ዴስክቶፑ ላይ «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» የሚለውን ክፈቱ። ቋንቋ ሲጠይቅ እንግሊዝኛ እንዲሆን እመክራለሁ። የአማርኛ ትርጉሙ ገና ስላልተሟላ ግማሽ በግማሽ ይሆንባችኋል። አማርኛ መጻፍ ግን በሙሉ ይቻላል፤ እሱን ከታች አመጣዋለሁ። ኪቦርዱን የአሜሪካ እንግሊዝኛ አድርጉ። «መልቲሚዲያ ኮዴክስ» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት፤ ያለሱ አንዳንድ ቪዲዮ እና ሙዚቃ አይከፈትም። እዚህ ላይ የሴኪዩር ቡት ፓስወርድ አውጡ ሊል ይችላል። አጭር ነገር አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ቀጥሎ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል። «ከዊንዶውስ ጎን ጫን» ወይስ «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን»? ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የመጀመሪያውን ምረጡ። ሁለተኛው ሁሉንም ያጠፋል፤ ዲ ድራይቭ ላይ ያለውን ፎቶ ጨምሮ። ብዙ ሰው የሚጎዳው ዲ ላይ ያለው አይነካም ብሎ አስቦ ነው። አንድ ዲስክ ላይ ያሉ ሲ እና ዲ አብረው ይጠፋሉ።

ዲስኩ ጭራሽ ካልታየ የኢንቴል አርኤስቲ የሚባል የዲስክ አነባበብ ሁኔታ ባይኦስ ውስጥ በርቶ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውሱን የምታጠፉ ከሆነ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ሁኔታ ቀይሩት። ዊንዶውሱን የምታቆዩ ከሆነ ግን ሳይዘጋጁ መቀየር ዊንዶውሱን እንዳይነሳ ስለሚያደርገው የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ካርታው ላይ አዲስ አበባን ምረጡ፣ ስምና ፓስወርድ ስጡ፣ ጠብቁ። ሲጨርስ ፍላሹን ነቅላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ «ኢንሮል ኤምኦኬ» ካለ እሱን ምረጡና ቅድም የጻፋችሁትን ፓስወርድ አስገቡ። ዊንዶውሱን ካቆያችሁ ሲነሳ የሁለቱ ዝርዝር ይመጣል። ዝርዝሩ ሳይመጣ ዊንዶውስ ከተነሳ ባይኦስ ውስጥ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ።

ወደ ዊንዶውስ ስትመለሱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ሊያሳይ ይችላል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጠዋል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ኔት ሲኖር ከሰዓት ሴቲንግስ «ሲንክ ናው» በሉት።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ቀን ሥራ

«ድራይቨር ማኔጀር»ን ክፈቱ፤ የዋይፋይ ወይም የኤንቪዲያ ሾፌር የሚያስፈልግ ከሆነ ራሱ ያቀርብላችኋል። ከዚያ «አፕዴት ማኔጀር»። የመጀመሪያው አፕዴት ብዙ ሜጋ ሊበላ ስለሚችል ዋይፋይ ባለበት አድርጉት። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው አንድ ምክር አለኝ። ፕሮግራም ስትጭኑ «ሶፍትዌር ማኔጀር» አንዳንዱን በሁለት መልክ ያቀርባል፤ የሲስተም ፓኬጅ እና ፍላትፓክ። ፍላትፓኩ በተለይ መጀመሪያ ላይ ብዙ መቶ ሜጋ ሊወስድ ይችላል። ሁለቱም ካሉ የሲስተሙን ምረጡ።

«ታይምሺፍት» የሚባለውን አብሩ። የሲስተሙን ሁኔታ ፎቶ እንደማንሳት ያስቀምጣል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ወደ ትናንት ይመልሳችኋል። የግል ፋይላችሁን ግን አያስቀምጥም፤ ለእሱ የውጭ ዲስኩ ይቀጥል።

አማርኛ መጻፍ

ብዙዎች ወደ ዊንዶውስ የሚመለሱት እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ነው። አያስፈልግም።

ኪቦርድ ሴቲንግስ ውስጥ ያለውን «አምሃሪክ» አትጨምሩ፤ እኛ እንደለመድነው በድምፅ የሚያጣምር አይደለም። በምትኩ ከሶፍትዌር ማኔጀር «አይባስ ኤም17ኤን» የሚለውን ፈልጋችሁ ጫኑ። ከሜኑ «ኢንፑት ሜተድ» ገብታችሁ አይባስን ምረጡ። ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ከዚያ በአይባስ ማስተካከያው አማርኛን ጨምሩና «ሴራ» የሚለውን ውሰዱ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀየራል።

አጻጻፉ በድምፅ ነው። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብትሉ «ሰላም» ይወጣል። ትልቁ ቲ «ጠ»፣ ትልቁ ሲ «ጨ»፣ ትልቁ ኤን «ኘ» ይሰጣል። ሴራ ካልተመቻችሁ ኪይማን የሚባለውም ሊኑክስ ላይ ይሠራል።

ፎንት ላይ «አቢሲኒካ ኤስአይኤል»ን ጫኑ፤ ነጻ ነው፣ ያምራል። ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፈ ዶክመንት ኒያላ በሌለበት ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል። ጽሑፉ ይነበባል፤ ገጾቹ ግን ሊዛነፉ ይችላሉ።

የድሮ ፓወር ግዕዝ እና ቪዥዋል ግዕዝ ፋይሎች ሌላ ነገር ናቸው። በዩኒኮድ (በዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ያልተጻፉት ፎንቱ ከሌለ የተዘበራረቀ የፈረንጅ ፊደል ሆነው ይታያሉ። ይህ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፤ አዲስ ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ነው። እንደዚህ ያለ ማህደር ያላችሁ፣ የእድር ደብተርም ይሁን የደብር መዝገብ፣ ዊንዶውሱ ሳይጠፋ በፊት ቢያንስ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት።

ከሌላው ጋር መሥራት

ሊብሬኦፊስ ከሚንት ጋር ይመጣል። የወርድ፣ የኤክሴል እና የፓወርፖይንት ፋይል ይከፍታል። ተራ ደብዳቤ እና ተራ ሠንጠረዥ ያለ ችግር ይሄዳል። ማክሮ ያለበት ኤክሴል እና ብዙ ሳጥን ያለበት ፎርም ግን ሊዛነፍ ይችላል። ለሰው ስትልኩ በወርድ ዓይነት አስቀምጡ። ህትመት ቤት ስትሄዱ ግን ሁልጊዜ ፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያያችሁት እንዳለ ይታተማል።

ህትመት ቤት ሲነሳ የፍላሽ ቫይረስ ይነሳል። ፋይሉን ሁሉ ደብቆ ሾርትካት የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ሚንት ላይ አይነሳም። የተደበቁት ፋይሎች ደግሞ ሚንት ላይ እንዳሉ ይታያሉ። ገልብጣችሁ አውጡ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። ቫይረሱ እናንተን ባይነካም በፍላሻችሁ ወደ ሌላ ሰው ሊሄድ ስለሚችል ይህን አትዝለሉ።

መመለስ ቢያስፈልግ

አልተመቸኝም ካላችሁ መንገዱ ክፍት ነው። ያስቀመጣችሁትን የዊንዶውስ ፍላሽ ሰክታችሁ ጫኑ። ቺፑ ውስጥ ያለው ኪይ በሊኑክስ መጫን አይጠፋም፤ ትክክለኛው ኤዲሽን ሲጫን እና ኔት ሲገኝ ፈቃዱ ይመለሳል።

የሚንቱን ፍላሽም አስቀምጡት። ዊንዶውሱ አልነሳ ያለ የጎረቤት ላፕቶፕ ሲመጣ ከዚያ ላይ አስነስታችሁ ፋይሉን ማዳን ትችላላችሁ፤ ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን ያ 48 አሃዝ ቁጥር ያስፈልጋል። ሰው ሲጠይቃችሁ ቅዱለት። የሚንት 22 ተከታታይ ዕትሞች እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የደህንነት አፕዴት ያገኛሉ። ከዚያ በፊት አዲስ ዕትም ሲወጣ ፍላሹን አድሱት።